ሚስቴ «እርስዎ» ያለችኝ ሰሞን

ያለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የሆነ ነው። እንዳልረሳው ዘሐራ በየማለዳው ታስታውሰኛለች፤ እሷ ግን አታውቀውም።

ዘሐራ ሚስቴ ናት። ቤታችን ኮምቦልቻ ነው። ከተጋባን ጀምሮ በወጉ ጠርታኝ አታውቅም፤ ስሜ «አንተ መላጣ!» ነው። ይህን ራስ ተሸክሜ ሌላ ስም ልጠብቅ ኖሯል?

ያን ሰሞን ትኩሳትና ራስ ምታት ጣላት። ጉንፋን ነው አልን። በማግስቱ ውሃ ሳቀርብላት ቀና ብላ፣ «ይቀመጡ እንጂ፣ እርስዎ ለምን ይቆማሉ?» አለችኝ።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ያሾፈችብኝ መስሎኝ፣ «ተመስገን፣ በስተርጅናም ቢሆን ተከበርሁ» ብዬ ጀነን ብዬ ተቀመጥሁ። ሁለት ቀን እንዲህ ስከበር ቆየሁ።

ከዚያ ቃሉ ሁሉ ተደበላለቀባት። ብርጭቆውን «ጫማ» አለችው። ቀኝ እጇም ዛለ። ልጃችን ሰዒድ መኪና ፈለገና ደሴ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል አደረስናት።

እጇንና አንደበቷን ያዩት ሐኪሞች «ስትሮክ ይመስላል» አሉ። አንዲት ሐኪም ግን ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ከዚህ በፊት ጠባያቸው አልተለወጠም?»

«ኧረ ተለውጧል! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እርስዎ እያለች ታከብረኛለች።»

ሰዒድ አፈረ። «አባዬ፣ እዚህም ቀልድ?» አለኝ በሹክሹክታ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ድሮስ ምን ነበር የሚሉዎት?»

«አንተ መላጣ።»

«ትኩሳቱስ ቀድሞ ነበር?»

«ወላሂ፣ ቀድሞ ነበር።»

ስትሮክ ድንገት ነው የሚመታው፣ በትኩሳት ጀምሮ ቀስ እያለ ጠባይ ሲለውጥ ግን ቫይረስ አንጎል ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል አለችን። የዘሐራን ጭንቅላት በሲቲ ስካን አስነሳች፤ ከጀርባዋም ለምርመራ ፈሳሽ አስቀዳች። ውጤቱን ሳትጠብቅም የቫይረሱን መድኃኒት በደም ሥር አስጀመረች። እንደጠረጠረችውም ሆኖ ተገኘ።

ዘሐራ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። እጇም ተመለሰ። ኩታበር የነበረውን የአባቷን ቤት፣ የልጅነት ጓደኞቿን ስም አትስትም። እኔና ሰዒድ ግን ከየት እንደመጣን አታውቅም።

ሲመሽ፣ «እርስዎ፣ ሰዎችዎ አይጠብቁዎትም?» ትለኛለች።

«እኔ ነኝ የምጠብቃቸው» እላታለሁ።

ስድቧ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። በየማለዳው ቆቤን አውልቄ መላጣዬን ወደ እሷ ዘንበል አደርጋለሁ፤ ምናልባት ካየችው ብዬ። አየት ታደርገውና ቆቡን በሁለት እጇ አንስታ ታቀብለኛለች።

«ይልበሱት እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል።»