ላቡ ሳይደርቅ የተለሰነ ወለል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስካሬንም ስርቆቴንም ነግሬያለሁ፤ እዚህ ስደርስ ግን ዘልዬዋለሁ።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ማጠቢያ ቤት ወለል የሠራሁት እኔ ነኝ። ግንበኛው እኔ፣ አዛዡም እኔ። ዘነበች የምትባል የላንቴ መንደር ሴት ውሃ በባልዲ ታቀብለን ነበር። ኮንክሪቱ ጠጥሮ ክንዴን ሲያደክመኝ «ጨምሪ» አልኳት። ጨመረች። ደግሜ «ጨምሪ» አልኳት። በሦስተኛው ቆም ብላ አየችኝና ጨመረች።

ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ሲያርፍ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። እኛ ላብ እንለዋለን። ላቡ እስኪደርቅ አይነካም። አላወቅሁም ልበል? አውቅ ነበር። ግን ወደ ከተማ የሚመልሰን ፒካፕ ሞተሩን አስነስቷል። በላቡ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ በተንኩና በብረት ማለስለሻ አሸሁት። እንደ መስታወት አበራ።

«ላቡ ይድረቅ እንጂ ወንድሜ፤ ይላጥብሃል» አለችኝ።

«ባልዲ ከመቼ ወዲህ ነው ግንበኛ የሆነው?» አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀባት።

ዓመት ሳይሞላው ተላጠ። ፊቱ እየተቀረፈ ተነሣ፤ በጉድጓዱ የዓሣ ደም እየተኛ ሸተተ። ኢንጂነሩ መጣ፣ የሠራነውን ሁሉ አስጠራን፣ በጫማው ጫፍ ፈለፈለውና ውሃውን ማን እንዳበዛው ጠየቀ። እኔ ዘነበች ናት አልኩ። ሳላዛት ደፋችበት አልኩ።

«ስንት ጊዜ ነው ጨምሪ ያልከኝ?» አለችኝ፣ ፊቴን እያየች።

«እኔ እንጃልሽ» አልኳት።

የሳይቱ ጸሐፊ ቃሌን ጻፈ፣ እኔ አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። በዚያ ወረቀት ተባረረች። ወሬው ቀድሟት ሌላም ሳይት አልተቀበላትም። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ላንቴ ሙዝ ትሸከማለች፤ ወገቧ ጎብጧል።

ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ፦ ማንበብ የማይችል ሰው ጸሐፊ የጻፈውን በምን ያውቃል? ውሸታም! ጸሐፊው የጻፈው ከእኔ አፍ የወጣውን ነው። አውራ ጣቱም የእኔ ነው።

ኦቾሎ ያለው ታላቅ ወንድሜ በታመምኩ ቁጥር «ጎሜ አለብህ» ይለኛል። በእኛ በጋሞ የተደበቀ ጥፋት ጎሜ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ካላወጡት አይለቅም። ለምን አላወጣሁትም? ሽማግሌዎቹ እሷን ጠርተው ፊት ለፊቴ ስለሚያስቀምጧት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘኋት። ሙዙን ላግዝሽ አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። «ከባልዲው አይከብድም።»

ይህን የምታነቡትን እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። እሷ ማንበብ አትችልም። ሽማግሌዎቹን አስቀምጬ፣ «ጨምሪ ያልኳት እኔ ነኝ» የሚለውን ራሴ አነብላታለሁ። የዚያን ጊዜ ፊቷን ብታዞርብኝም እንኳ ተነሥቼ አልሄድም።