የአባቴ ኮትና የጉቴው በር

በአናጢ ደጃፍ ሳልፍ የፈላ የቆዳ ሙጫ ሽታ ካገኘኝ፣ የልጅነት ቅናቴ ዛሬም አብሮት ይነሣል። የቀናሁት በእህት ወይም በጎረቤት ልጅ ቢሆን ኖሮ ባላፈርኩ ነበር፤ እኔ ግን የቀናሁት በሳንቃ ነው።

አባቴ በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ በርና አልጋ የሚሠራ አናጢ ነበር። አንድ ጊዜ የሚስዮን ትምህርት ቤቱ መምህር የተሰበረ ጊታር ሊያስጠግን አምጥቶለት፣ ጠግኖ ከመመለሱ በፊት ቅርጹን ወረቀት ላይ ነድፎ አስቀረና «ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ከአገራችን እንጨት አንድ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በሄደበት ሁሉ ጥሩ ድምፅ ያለው የደረቀ እንጨት ፍለጋ የሰው በር በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን ይደቅን ነበር። እናቴ «አንድ ቀን ባለቤቱ ወጥቶ ሌባ ብሎ ይይዝሃል» እያለች ትስቅበት ነበር።

የፈለገውን ክረምት መግቢያ ላይ ጉቴ በምትባል የገጠር ከተማ አገኘው። የአንድ ሽማግሌ በር ነበር፤ ጭስ ያጠቆረውን የዋንዛ ሳንቃ ጥጉን ላግ አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሰው፣ ነፋስ የነካው ውኃ የመሰለ መስመር ወጣ። ሽማግሌው ዋንዛውን በኦሮምኛ ስሙ ጠርተው «ይህ አሮጌ ዋዴሳ ምን ያደርግልሃል?» ብለው ግራ ቢገባቸውም፣ አባቴ አዲስ በር ሠርቶ ገጠመላቸውና አሮጌውን ወሰደ። ያን ቀን አብሬው ነበርኩ። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ስንመለስ ዝናቡ ወረደብን፤ አባቴ ኮቱን ሲያወልቅ አይቼ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ሳንቃዋን ጠቀለለበት።

«ትንሽ ታገሺ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሷ ከራሰች ትጣመማለች» አለኝ።

እኔ ብርስ እንደማልጣመም በምን እንዳወቀ አልጠየቅኩትም።

ክረምቱን ሙሉ ሳንቃዋ ከአልጋው ራስጌ ነበረች። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ዳብሶ፣ እርጥበት እንዳልነካት አረጋግጦ፣ ከዚያ ነበር ወደ እኔ የሚዞረው። መስከረም ጠብቶ አየሩ ሲደርቅ ከጓደኛው ጋር ሆኖ ለጊታሩ ጀርባ እንድትሆን በመጋዝ በስሱ ለሁለት ሰነጠቃት፤ እንደ መጽሐፍ ሲገልጣት የግራውና የቀኙ መስመር መሐል ላይ ገጠመ። አባቴ ሳቀ። ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ስመጣ እንኳ እንዲያ አልሳቀልኝም።

በጋ ላይ አንድ ቀን እሱ ገበያ ሲወጣ፣ ከሁለቱ አንዷን ወደ ደጅ አወጣኋት፤ አንድ ጣሳ ውኃ ደፋሁባትና የቀትር ፀሐይ ላይ ትቻት ገባሁ። እሷም ትርጠብ፣ እኔም ርሼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ከጫፏ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃለች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ስንጥቁን በሁለት እጄ መልሼ ለመግጠም ሞከርኩ።

አባቴ ሲመለስ አልመታኝም። ስንጥቁ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ዳበሰውና «ምን አደረገችሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ኮትህን ወሰደችብኝ» አልኩት።

በማግሥቱ ሙጫ እያፈላ ጠራኝና ስንጥቁን ገጥሞ አጣበቀው፤ መልሶ እንዳይከፈት በውስጥ በኩል የሚለጠፍ ጨርቅ ሲያስፈልገው ያንኑ ኮት አንሥቶ ገበሩን በመቀስ ቆረጠ። ሦስት ቁራጭ ለጠፈና «እስኪይዝ ጣትሽን እንዳታነሺ» ብሎኝ፣ በእኔ እጅ ላይ የራሱን እጅ ጫነ። ያን ያህል ጊዜ እጄን ይዞኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን መቅናት የነበረባት ሳንቃዋ ነበረች።

ክረምቱ ከመመለሱ በፊት ጊታሯ አልቃ ለመዘምራኑ ተሰጠች፤ አባቴም ያንን ኮት ገበር ሳይኖረው ዓመታት ለበሰው። ሲሞት ልብሱ ሁሉ እንደ ወጉ ለድሆች ተሰጠ፤ ለእኔ አንድ ቁልፍ እንኳ አልቀረልኝም።

በቅርቡ ነቀምቴ ሄጄ ጊታሯን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አገኘኋት። ጅማቶቿ አርጅተው ወልቀዋል። ማንም ሳያየኝ እጄን በቀዳዳዋ አስገብቼ ጀርባዋን ከውስጥ ስዳብስ፣ ሦስቱም ቁራጮች እንደተለጠፉ አሉ። ያኔ ኮቱን የፈለግሁት ዝናብ ስለመታኝ ነበር። ዛሬ ቁምሳጥኔ ውስጥ አምስት ኮት ተሰቅሎ፣ ዝናብም ሳይነካኝ፣ እዚያው ቆሜ ቀናሁባት። የአባቴ ኮት ዛሬም እሷ ጋ ነው።