የናፍጣው ፒክአፕ ቁልፍ

ልደታ ማደያ ስገባ የናፍጣው ሽታ ገና ሳይደርሰኝ የመኪናዬን ቁልፍ ነቅዬ እጨብጣለሁ።

ልጅ ሆኜ እናቴን ምጥ ያዛትና አባዬ ታክሲው ተበላሽቶበት ስለነበር የጎረቤታችንን ፒክአፕ ተውሶ ወጣን። ነዳጅ አልነበረውም፤ እዚሁ ማደያ ገባን። የአባዬ ታክሲ የቤንዚን ስለነበር አፉ እንደለመደው "ቤንዚን" አለ። ቀጂው ሞልቶ ሲዘጋ አባዬ ክው ብሎ ቀረ። ፒክአፑ የናፍጣ ነበር።

"አስነሳው እንጂ" አለች እናቴ።

"ሞተሩ ቤንዚኑን ገና አልቀመሰውም። ካስነሳሁት አለቀለት።"

ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። "እኔ ራሴ ብጠይቅሽ እንዳትሰጪኝ" ብሎ ታክሲ ፍለጋ ሮጠ።

ሞተር እንዴት እንደሚቀምስ አልገባኝም። እናቴ እያቃሰተች እጇን ዘረጋች። "አምጪው የኔ ልጅ፣ እኔ ላስነሳው።"

አልሰጠኋትም። ታክሲው እስኪመጣ እጇን አላጠፈችም።

ዛሬ ቀጂዋን "ናፍጣ" አልኳት፤ ደግሜም "ናፍጣ" አልኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ ሳቀብኝ። እሱ ያን ቀን ገና እናታችን ሆድ ውስጥ ነበር።