አልቀምስም ያሉት አከራዬ

የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳ እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ እርጥበት በልቶታል። የአሰላን ብርድ የለመድኩ መስሎኝ ነበር። የዚያ ሲሚንቶ ብርድ ግን ሌላ ነበር።

ከሌላ ክልል ተመድቤ የመጣሁ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ያስያዘኝ ደብተሬ ነው። ዲክሲስ ውስጥ ዋግ የመታቸውን የስንዴ ማሳዎች መገኛ በጂፒኤስ እየለካሁ መዝግቤበታለሁ፤ ሁሉም ቁጥር ነው። መርማሪው የጦር ካርታ ነው አለ። እውነት ለመናገር ጊዜው ክፉ ነበር፣ በየገጠሩ ሰው ይገደል ነበር፤ መጠየቄን አልጠላሁም። የጠላሁት መልሴን አለመስማቱን ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። አከራዬ ቤት የማይታወቁ ሰዎች ሲገቡ አይቻለሁ ይላል።

«ፈርምና ቤትህ ግባ።»

«አላየሁም እኮ።»

«አንተን ማን የጠቆመ ይመስልሃል? ከዚያው ግቢ ነው። እስከ ማታ አስብበት።»

አሰብኩበት። አከራዬ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ደብተሩን ዘርግቼ ስሠራ ያዩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ምሳ የሚያመላልሱልኝም እሳቸው ነበሩ። መርዝ እንዳይገባ፣ ያመጣው ሰው በር ላይ ሳይቀምስ ምግብ አይገባም። አራት ቀን ሙሉ ቀምሰዋል።

ያን ቀን በመስኮቱ ሽንቁር አየኋቸው። ድምፃቸው አይሰማኝም። ፖሊሱ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ዘረጋላቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሞ ዘረጋላቸው፤ ደግመው ነቀነቁ። ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ሄዱ።

«አልቀምስም ብለዋል» አለኝ ፖሊሱ ሲመጣ። «ደንቡን ታውቃለህ።»

ዛሬ ምን ጨምረውበት ነው? አብረውኝ የታሰሩት የሲሬ ሽማግሌም ጠዋት ዳቦ ሳካፍላቸው አልበላም ብለውኝ ነበር። እሳቸውንም ጠረጠርኩ። ፊት ለፊት ነገርኳቸው፤ «ሴትዮዋ ሊገድሉኝ ነው፣ እርስዎም የሚያውቁት ነገር አለ» አልኩ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ረመዳን ዛሬ ገባ እኮ። ዳቦህን ለምን የመለስኩ መሰለህ?»

ሦስት ዓመት በአከራዬ ግቢ ኖሬአለሁ፤ ሲጾሙም አይቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሽንቁሩ ጋ ቆሜ ነበር። አከራዬ ያንኑ ምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። አዛን እስኪል ጠበቁ። ሲል ከፈቱት፤ ጨጨብሳውን ቆርሰው ጎረሱ፣ ፖሊሱ እያያቸው አላምጠው ዋጡ። ቤታቸው በተምር ማፍጠር ሲችሉ በእኔ ምግብ በር ላይ አፈጠሩ። ፖሊሱ ተቀበላቸው። ሽማግሌውም በዚያው አፈጠሩ፤ እኔ ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎረስኩ።

መርማሪው ሲያስጠራኝ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩለት። «ያላየሁትን አልፈርምም» አልኩ። ከሁለት ሳምንት በላይ እስር ጨምረው ለቀቁኝ።

ዛሬም እዚያው አከራዬ ግቢ እኖራለሁ። ማን እንደጠቆመኝ እስካሁን አላውቅም። አምና ድፍረት አግኝቼ ሁሉንም ለአከራዬ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም፣ መርዙንም። ጨርቅ እያጠፉ ነበር።

«እኔም ጠርጥሬህ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያ ሁሉ ቁጥር ምን ያደርግለታል ብዬ።»

«ታዲያ ምሳውን ለምን ያመላልሱልኝ ነበር?»

እጃቸው ቆመ። ጥያቄው ግራ የገባቸው ይመስላል።

«የተጠረጠረ ሰው አይርበውም እንዴ?» አሉ።