ጋሼ ዘውዱና ያላደረስኩት የዶሮ ውጤት

ጋሼ ዘውዱ ሞቱ አሉኝ።

መልእክቱን ከደባርቅ የላከችልኝ ልጃቸው ናት። እኔ ደግሞ «የትኛው ዘውዱ?» ብዬ መለስኩላት። የገዛ ልጃቸውን እኮ ነው እንዲህ ያልኳት። ስደውል ከጀርባዋ ለቅሶው ይሰማል። ያኔ ነው የገባኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ ዘውዱ ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንስሳት ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በወረቀት ረዳት ነበሩ። ሰው ግን «ዶክተር» ይላቸዋል፣ እሳቸውም አይከለክሉም። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የዱር ወፎችና የቤት ዶሮዎች በሽታ ይለዋወጡ እንደሆነ ላጠና ስሄድ ይዘውኝ የዞሩት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ጉድ ልንገራችሁ።

መጠይቄ ላይ «የዱር ወፎች ከዶሮዎችዎ ጋር ይገናኛሉ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ከእንግሊዝኛ የተረጎምኩት ራሴ ነኝ፣ ኮርቼበትም ነበር። ቤት ለቤት ስጠይቅ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፤ «ኧረ በጭራሽ» ይላሉ። አንድ ሽማግሌማ ተቆጥተው ተነሱ። እኔ «አይገናኙም» የሚለው ላይ ምልክት እያደረግኩ ወደሚቀጥለው ቤት። ዋኔውና ቁራው እዚያው ዓይኔ ሥር ከዶሮው ጋር ገብስ ይለቅማሉ።

አምስተኛው ቤት ላይ ጋሼ ወደ ውጭ ጠሩኝ። ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸዋል።

«ልጄ፣ ቁራው ዶሮዋን ይሰርራታል ወይ ብለሽ ነው እኮ የምትጠይቂው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አብረው ይለቅማሉ? ባንድ ገበቴ ይጠጣሉ? በያ። ሰውን የሚያውቀውን ነው መጠየቅ።»

ከመጀመሪያው ቤት ጀምረን እንደገና ዞርን። የተቆጡት ሽማግሌ እንኳ ስቀው ወንበር አወጡልን። ያን ቀን ባይጠሩኝ ጥናቴ ገደል ገብቶ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ግን «መጠይቁ በመስክ ተሻሽሏል» ብቻ ነው የሚለው። ማን እንዳሻሻለው አልጻፍኩም።

ሌላም ጠዋት ትዝ ይለኛል። ቡይት ራስ አካባቢ ወፍ ለመያዝ መረብ ዘርግተናል፤ ብርዱ ጣቴን አድርቆታል። አንዲት ዋኔ ተጠላለፈችብኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ክሩን አንድ ባንድ ፈቱላት፣ «ይቅርታ እመቤት፣ አሁን ትሄጃለሽ» እያሉ። አንቱ ሊሏት ምንም አልቀራቸውም።

ከባዱ ነገር የዶሮ ደም መውሰዱ ነበር። ሰዉ ይፈራል። ደሙን ምን ልታደርጉት ነው? ብትሞትስ? እኔ ስለ ላቦራቶሪ ማስረዳት ስጀምር ይብስባቸዋል። ጋሼ አንዲት ቃል ነበረቻቸው። «እኔ አለሁ» ይላሉ። በቃ፣ ሴትየዋ ዶሮዋን ከእቅፏ አውጥታ ትሰጠናለች።

ሰዎቹ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደተገኘ መጥታችሁ ንገሩን አሉ። ጋሼም መናኸሪያ ሲሸኙኝ ደገሙልኝ። «ውጤቱን ይዘሽ ነይ። በኔ ስም ነው የሰጡሽ። ወረቀት ካለኝ ደግሞ ክትባት እጠይቅበታለሁ።»

«በደንብ፣ ጋሼ» አልኩ።

ውጤቱ ወጣ። ፈንግል፣ ያ ዶሮ ጠራርጎ የሚጨርሰው በሽታ፣ ደሙ ውስጥ ምልክቱ ተገኘ። አዳራሽ ቆሜ አቀረብኩ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ተመረቅኩ። ደባርቅ ግን አልሄድኩም። መጀመሪያ ክረምት ነው አልኩ። ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈትም አልሄድኩም።

በየበዓሉ ይደውሉልኝ ነበር። እንኳን አደረሰሽ ይሉና፣ እንዳይከብደኝ ብለው ይመስለኛል፣ መጨረሻ ላይ ቀስ ብለው «ያ ነገርስ?» ይላሉ። «በቅርብ እመጣለሁ» እላለሁ። ባለፈው በዓል ግን «ያ ነገርስ» አላሉኝም። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ዛሬ ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ።

ልጃቸው ዛሬ በስልክ የነገረችኝን አልነገሩኝም ነበር። ባለፈው ክረምት ፈንግል መንደሩ ገብቶ ቤት አልቀረውም። የሳቸውም ዶሮዎች አለቁ። ክትባት ፈልገው ግብርና ቢሮ ቢመላለሱ «ማስረጃ አምጣ» ተብለዋል። ሰዉ ደግሞ ገበያ ላይ «ደማቸውን አስወስደህ አስፈጀሃቸው» ይላቸው ጀመር። ደም ስለተወሰደ እንዳልሞቱ ማን ያስረዳላቸው? ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሰው ላለማግኘት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በታች በኩል፣ በእርሻው ዳር ይዞሩ ነበር አለችኝ። እኚያ ከሩቅ ሰላምታ የማያልቅባቸው ሰው።

አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ፎቶ አንስቼ ለልጃቸው በቴሌግራም ብልከው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን ሰው ተሰብስቦ፣ በፕሮጀክተር፣ ደንበኛ ዝግጅት አድርጌ ላቀርበው ፈልጌ ነው። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ረስቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጓደኞቼ፣ ከገበሬ ቤት ናሙና ወስዳችሁ ያልተመለሳችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉ። ሌላ ምክር የለኝም።

ጋሼ፣ ለቀብርዎ አልደረስኩም። ለሠልስት እደርሳለሁ። ዶሮ የሰጡኝ ሴቶች ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ይኖራሉ፣ ምን እንደሚሉኝም አላውቅም። ተነስቼ ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ። ጋሼ ዘውዱ አልዋሿችሁም፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ይህን እርስዎ እየሰሙ መናገር ነበረብኝ። ደህና ይረፉ፣ ጋሼዬ። በስምዎ የወሰድኩትን በራሴ ስም ልመልስ እየመጣሁ ነው።