የኮረብታው ጥበቃ ኤርካሎ

ኤርካሎ ዳልጮ ወላይታ ውስጥ ጠበላ ከምትባል ከተማ በላይ ያለውን ኮረብታ እንዲጠብቅ የተመረጠው ዛፍ ስለሚወድ አልነበረም። በአካባቢው እሱን ያህል ከሰል ያከሰለ ሰው ስላልነበረ ነው። የመንደሩ ሰው፣ "እሱ ከጠበቀማ ማን ይሰርቃል?" ብሎ እጁን አወጣ።

ከብትና ምሳር ከተከለከለ በኋላ ኤርካሎ ራሱ የቆረጣቸው ጉቶዎች አቆጠቆጡ። ግራሩና ወይራው ጥላ ሠራ፤ የደረቀው ምንጭ ክረምት ከበጋ መፍሰስ ጀመረ፤ ወፉ መጣ። ከወፉ ኋላ ዝንጀሮ መጣና የኤርካሎን በቆሎ ሁለት ዓመት አከታትሎ በላ።

ኤርካሎ አቤት ሊል ቀበሌ ሄደ። ጸሐፊው ለገሰ ወረቀት አወጣ።

"የኮረብታው ጥበቃ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሪፖርቱን እርስዎ ይጻፉና ያምጡልን።"

ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገባ።

በሦስተኛው ዓመት በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮዎቹ አልመጡም። ኤርካሎ ግራ ገብቶት ሲዞር ምንጩ ዳር ጭቃው ላይ የጥፍር ምልክት የሌለበት ሰፊ ዱካ አየ። የነብር ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ካሳዩት ወዲህ አይቶት አያውቅም። ቁጭ ብሎ መዳፉን አጠገቡ ዘረጋ። በሳምንቱ የሚስቱ የፋንታዬ ፍየል ጠፋች። የተገኘው ገመዷ ብቻ ነው።

ያን ሰሞን ወሰንየለሽ የምትባል ተመራማሪ ዛፍ ላይ ካሜራ ልታስር ከሶዶ መጣች። ፎርሟን ዘርግታ፣ "ጋሽ ኤርካሎ፣ አውሬ የበላው የቤት እንስሳ አለ?" አለችው።

አለ ቢል ወሬው ዕለቱን መንደር ይደርሳል፤ በማግስቱ መርዝ የነካው ሥጋ ኮረብታው ላይ ይጣላል። ይህን ያውቃል፤ በወጣትነቱ ለጅብ ሲጥል የነበረው እሱ ነው።

"የለም" አለ።

ፋንታዬ በወላይትኛ፣ "ፍየሌስ?" አለችው።

"ጠፋች።"

"ምን እያሉ ነው?" አለች ወሰንየለሽ።

"ምሳ ብሉ ነው የምትለው።"

ፋንታዬ ምሳውን አቀረበች። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

ከወር በኋላ ወሰንየለሽ ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ነብሩ ከምንጩ ይጠጣል። ፋንታዬ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው።

"ወፍሯል" አለች።

የዚያ ዓመት በቆሎ አንድም ሳይጎድል ገባ። ኤርካሎ ከሱ ሸጦ ለፋንታዬ ሌላ ፍየል ገዛላት። እሷም ፍየሏን የምታሳድራት እቤት ውስጥ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ነው። ስለ ሽታው ኤርካሎ ትንፍሽ አላለም።