«አይንኩ» የተባልኩት አኳሪየም

ጀርመን ልሄድ ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ የወጣሁ ምሽት ባለቤቴ ጽጌ «ቦሌ ድረስ ልሸኝህ?» አለችኝ። «አይ፣ ብርድ ነው፣ ምን አለፋሽ» አልኳት። እንድትሸኘኝ ምን ያህል እንደምፈልግ እግዜር ያውቃል። ዞር ስል ጋቢዋን ደርባ ሚኒባሱ ውስጥ ከሻንጣዬ ጎን ተቀምጣለች። የእኔን «አይ» ከእኔ በላይ ታውቃታለች። እናንተም ታውቋታላችሁ፤ ኮልፌ ያደገ ሰው አንጀቱ እየጮኸም «አሁን ነው የበላሁት» ማለት አይተውም። ይህን የማወራችሁ በዚችው «አይ» ሰበብ ጀርመን አገር ምን እንደሆንኩ ሰምታችሁ እንድትስቁብኝ ነው።

እዚህ የምኖረው በአንዲት አሮጊት ቤት ፎቁ ላይ ባለች ክፍል ነው። ስማቸው ሄልጋ ነው። አገሬው ሰውን የሚጠራው በአባት ስም ነው፤ እኔ ግን ሴትዮዋ ፊቴ ቆመው አባታቸውን መጥራት ስለከበደኝ ፍራው ሄልጋ፣ ወይዘሮ ሄልጋ እንደማለት ነው፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ችለውኛል። በዚያ ዕድሜያቸው «እርስዎ» እያሉ ሲያናግሩኝ መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ ማን ቆሞ ይሆን ብዬ እዞር ነበር። ስለ ምግቡ አትጠይቁኝ፤ ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ ሥጋ በልቶ «እራት በላሁ» የሚል ሕዝብ ነው። ብርዱማ የቤቴልን የክረምት ጭቃ አስናፍቆኛል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ጽጌን ለማስመጣት የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ።

«ባለቤትዎ የት ነው የሚተኙት?» አለኝ ሹሙ።

«ከእኔ ጋር ነዋ!»

«ስንት ካሬ ሜትር ላይ?»

ከጽጌ ጋር ስተኛ ሜትር ይዤ አላውቅም። ሰውዬው ክፍልህ ለሁለት አይበቃም፣ አከራይህ ሌላ ክፍል ካልጨመሩልህ ሚስትህ አትመጣም ብሎ ሸኘኝ። ከእኔ ክፍል ጎን አንድ ባዶ ክፍል አለ። እንግዲህ ፍራው ሄልጋን ማስደሰት የግድ ሆነ።

አንድ ቀን እህታቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። ሳሎን ያለውን አኳሪየም እያሳዩኝ «ዓሣዎቹን ብቻ ያብሉልኝ። ሌላ ምንም አይንኩ» አሉ። አኳሪየሙ የሟች ባላቸው ማስታወሻ ነው። በእኛ አገር የቤት ባለቤት «ተው፣ አትልፋ፣ አትንካ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከውስጥ በኩል አረንጓዴ ነገር እንደያዘው ሳይ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ድስት የምፈገፍግበትን የብረት ሽቦ ይዤ ክንዴን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። የበዓል ዋዜማ ድስት እንደማጥብ አድርጌ ፈተግሁት።

መስተዋት መስሎኝ ነበር። ለካ አክሪሊክ የሚሉት ፕላስቲክ ኖሯል! ውሃው ሲረጋ ዓሣዎቹ በሐምሌ ጉም መብራት አብርተው እንደሚመጡ የሳንሱሲ ታክሲዎች ብዥ አሉብኝ። ዓሣው ቀርቶ ጽጌ ታየችኝ፣ ሻንጣዋን መልሳ ስትፈታ።

እየሮጥኩ ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ከሻካራው እስከ ልስልሱ በየደረጃው ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝ። ውሃውን አውጣ፣ እያረጠብክ መጀመሪያ በሻካራው፣ ከዚያ በልስልሱ ፈትግ፣ በመጨረሻ በማጥሪያ ቅባትና በለስላሳ ጨርቅ እሸው አለኝ። ዓሣዎቹን ከነውሃቸው ባኞ ውስጥ አሰፈርኳቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት ሳሳርፍበት ግን ብዥ ያለው ጭራሽ ነጭ ግድግዳ ሆነ። በተቧጨረ ነገር ላይ ሌላ መቧጨር ጨምሬ እንደ ሕፃን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሌላ መንገድ ስለሌለኝ ቀጠልኩ፤ ወደ ልስልሱ ስሸጋገር ነጩ እየሳሳ ሄደ። በቅባቱ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት።

ገና እያሸሁ ሳለሁ ፍራው ሄልጋ ገቡ፤ ከመንገድ ስለመጡ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ።

«ዓሣዎቼ ባኞ ውስጥ ናቸው» አሉ ሲመለሱ።

«አዎ፣ ፍራው ሄልጋ።»

«እየታጠቡ ነው?»

የክፍሉንና የጽጌን ጉዳይ ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«አይንኩ ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለውኛል። ለጨዋነት ያሉ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ለጨዋነት ብዬ ምንም ተናግሬ አላውቅም።»

ጎንበስ ብለው በአክሪሊኩ ውስጥ ወደ እኔ አዩ። ጥግ ላይ ከቀረች አንዲት ጭረት በስተቀር ጠርቷል። ፊቴን ቢያዩት አሳዘንኳቸው መሰለኝ።

«የጎኑን ክፍል ይውሰዱና ባለቤትዎን ያምጧቸው» አሉ። «እርስዎን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።»

ታዲያ ከእኔ አፍ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው?

«አይ፣ ይቅር፣ እናስቸግርዎታለን።»

«እሺ» ብለው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ።

እሺ! አልደገሙትም፣ በሞቴ አላሉም! ውሃ እያንጠባጠብኩ ተከትዬ ሮጥኩ። «እፈልጋለሁ! ክፍሉን በጣም እፈልጋለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከተወለድኩ ጀምሮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉም?» አሉና ሻይ ጣዱ።

ወዲያው ለጽጌ ደወልኩ።

«ስንቴ ነው ውሰድ ያሉህ?» አለች።

«አንዴ።»

«አንዴ ብቻ? ደሬ፣ ከልባቸው አይደለማ!»

እየሳቅሁ የዚህን አገር ሰው ጠባይ አስረዳኋት። ከዚያ «በቃ፣ ትመጫለሽ» አልኳት። ከጀርባዋ የታክሲ ረዳት «ቤቴል! ዓለም ባንክ!» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል።

«አይ፣ እኔ ይቅርብኝ» አለች። «አስቸግርሃለሁ።»

ድሮ ቢሆን ይህችን «አይ» ሳትጨርሳት እለያት ነበር። አሁን ግን የጨዋነት ትሁን የእውነት ጠፋችኝ።

«ነይልኝ እንጂ፣ ጽጌ።»

«ተው ደሬ፣ አይሆንም።»

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እንደገና ለመንኳት።